አመድ የነካት ሰማያዊ መኪና

እሑድ

ማሽኑ ተገኘ! ሌላው ሁሉ ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ይቺን ልጻፍ። የመኪና ቀለም የሚወለውለው ማሽን ኮምቦልቻ ተገኘ፤ ባለቤቱም ማክሰኞ ይዘውት ከሚሴ ይመጣሉ። አልሐምዱሊላህ። ከአውቶቡስ ወርጄ ገና ጫማዬን አላወለቅሁም።

አሁን ከመጀመሪያው። ባለፈው ረቡዕ ባሌ ሁሴን የመሥሪያ ቤቱን አዲስ መኪና ይዞ ለምሳ መጣና ደጃችን አቆማት። ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ከተረከባት ገና ሦስተኛ ሳምንቷ። እኔ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እሱ በልቶ ጋደም አለ። እናቱ አዴ ፋጡማ ታዲያ ሁለት ጎረቤት ጠሩና መኪናዋን አጠቡለት። በምን? በአመድ፣ በቦርከና ወንዝ አሸዋና በዋንዛ ቅጠል። ልክ እንደ አዲስ ድስት፣ ክብ ክብ እያደረጉ፣ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ።

እኔ ስደርስ አመድ የተቀላቀለው ውኃ በበሩ ይወርዳል። «አዲስ ዕቃ ሳላሽ ለልጄ አልሰጥም» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። ውኃው ደርቆ ፀሐይ ሲያርፍባት ጉዱን አየሁት። ብርሃኑ የነካው ቦታ ሁሉ የሸረሪት ድር በመሰለ ክብ ክብ ጭረት ተሞልቷል። ኮፋኖዋ ላይ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ማለቴ ነው፣ በክቦቹ መሐል አንድ ቀጥ ያለ ረዥም ጭረት አለ፤ ስንዝር ተኩል ይሆናል።

ለአዴ ምንም አላልንም። ሰባ ያለፋቸው ሰው፣ ለልጃቸው ብለው የደከሙ፣ ምን ይባላሉ? ሁሴን ለኃላፊው «ወደ ባቲ ስወርድ ግራር ቧጨራት» አለው። ኃላፊው ይህንኑ በወረቀት ጻፈ። ቅዳሜ የንብረት ተቆጣጣሪ ከደሴ ይመጣል። «እስከዚያ እንደነበረች ካደረግካት ይታለፋል፤ ካልሆነ አሻጥር ነው» ብሎታል። አምና የመጋዘን ጠባቂው በዚህችው ቃል ተጠርቶ ደሴ እንደሄደ ቀረ። ሚስቱ እስካሁን ስንቅ ታመላልሳለች። ሁሴን ይህን እያወቀ ነው የሚተኛው፤ ተኛ ከተባለ።

ለዚህ ነው ኮምቦልቻ የሄድኩት። ጋሼ በላይ የሚባሉ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ አሉ ብለውኝ ነበር። መጀመሪያ እምቢ አሉኝ። ማሽኑ ሳጥን ውስጥ ከገባ ዓመታት ሆነውታል። «ዘንድሮ የሚመጣልኝ የወታደር ካኪ መኪና ብቻ ነው፣ ካኪ ደግሞ አይወለወልም» አሉ። ጭረቱ ምን እንደሚመስል ስነግራቸው ግን ሻይአቸውን አስቀመጡ። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ነው ወይ አሉኝ፣ ሁለት ጊዜ። ነው ስላቸው ተነሥተው ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተቱት። ሰው ሥራ ሲናፍቀው እንዲህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር።


ሰኞ

ሁሴን ቁርስ አልበላም። እኔ ለሁለታችን በላሁ።

የማስበው ብዙ ነው። ጋሼ በላይ ቢቀሩስ? ማሽኑ ባይነሣስ? ከተማው መብራት የሚያገኘው ማታ ማታ ብቻ ነው፣ እሱም ሲፈልግ ነው። ቀን በምን ይሠራል? ደግሞ ቀለሙ ስስ ነው ይባላል፤ ብዙ ከታሸ ሊያልቅ ይችላል።

አዴ አምባራቸውን አውልቀዋል፤ ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ያ የብር አምባር ከእጃቸው ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ምነው ስላቸው «እጄ አበጠ» አሉ። አየሁት፣ አላበጠም። እርጅና ይሆናል።

አንድ ትንሽ ድል። ወፍጮ ቤት ሄጄ አያ ይማምን ለመንኩት፤ ወፍጮውን የሚያስኬደው እሱ ነው። ሞተሩ መብራት የሚያመነጭ ዲናሞም ያዞራል፤ ነገር ግን ወፍጮና ዲናሞ ባንድ ላይ አይችልም። ለካ በዚህ ሳምንት የወፍጮው ድንጋይ ይወቀራል፤ ሲወቀር ደግሞ ሞተሩ ሥራ ፈት ነው። «በየቀኑ ከረፋዱ እስከ ዙሁር ሶላት ውሰጂው» አለኝ። ቀጥሎ ምን አለ? «ጥሬ ይዘሽ ስትመጪ ወረፋ ታፈርሻለሽ፣ ዛሬ ደግሞ መኪና ልታስፈጪ መጣሽ?» አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ደግ ነው።


ማክሰኞ

መጡ። ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፈው ወረዱ።

ጋሼ በላይ መኪናዋን በፀሐይ ላይ ዞሯት። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁሴን የግራሩን ታሪክ ጀመረላቸው፤ ኩርባው የቱ ጋ እንደነበር ሁሉ ይነግራቸዋል። አስጨርሰው ሰሙትና እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ግራር ቀጥ አድርጎ ነው የሚቧጭረው። ክብ የሚሠራ የሰው እጅ ነው።»

ሁሴን አመድ መሰለ። አመድ አልኩ ደግሞ። እኔ ተሸክሜ መቆየት ስለማልችል አዴ የሌሉበትን አይቼ እውነቱን ነገርኳቸው። አልሳቁም። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። እኛ ያላየነውን እሳቸው አዩት፦ እሳቸው ባንድ እይታ የለዩትን የደሴው ሰውዬም ይለየዋል። ወረቀቱ ግራር ይላል፣ መኪናዋ እጅ ትላለች። ያኔ ሁሴን ማበላሸት ብቻ ሳይሆን መዋሸትም ይጨመርበታል።

ስለዚህ ክቦቹ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ መጥፋት አለባቸው። የቀረን ሦስት ቀን ነው።


ረቡዕ

ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር አቆምናት። ቀለሙ ሲግል ቅባቱ ይደርቅና ራሱ ይጭራል አሉ፤ ስለዚህ ከጥላ አትወጣም፣ ውኃም ይረጫል። በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጠብናት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቀረች ማሽኑ እሷን ይዞ ይዞራል።

ማሽኑ ተነሣ! ድምፁ እንደ ንብ መንጋ ነው። ጫፉ ላይ የበግ ፀጉር ቆብ ይለብሳል፣ ቆቡ ላይ አሸዋማ ቅባት ይቀባል፤ መጀመሪያ ሻካራው፣ ኋላ ለስላሳው። ጋሼ በላይ አንዱን በር ሠሩ። ስንዝር በስንዝር፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። ሲጠርጉት የሸረሪት ድሩ የለም። በሩ ውስጥ የራሴን ሻሽ አየሁ፤ መጣመሙን ሳይቀር።

ደስታዬ ግን ሩብ ሰዓት አልቆየም። ቆቡ አርጅቷል፤ ፀጉሩ እየተነቀለ በረረና ቆዳው ብቻ ቀረ። በባዶ ቆዳ መሥራት በአመድ ከማሸት አይሻልም። የእኛ የጨፋ ቆላ በግ ደግሞ ፀጉሩ አጭር ነው፤ የሚያስፈልገን የደጋ በግ ነው። የደጋ በግ አጎዛ ያለው ማነው? እኛ ቤት አንድ አለ፤ አዴ የሚሰግዱበት። ሟቹ ባለቤታቸው የገዙላቸው ነው።

እንዴት እንደጠየቅኋቸው አላውቅም። ለመኪናዋ ሥራ የበግ ፀጉር ቸገረን አልኳቸው፣ ዓይናቸውን ማየት አፍሬ። አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። አጎዛውን ጠቅልለው፣ መቀስም ጨምረው አመጡልኝ። «ከመሐሉ ቁረጪ፣ ኢንተለ ኮ፣ ፀጉሩ የሚበዛው እዚያ ነው» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ ጭራሽ አፈርኩ። መሐሉ ግንባራቸው የሚያርፍበት ነው። እያለቀስኩ ቆረጥኩት።


ሐሙስ

ዛሬ ማሽኑን እኔ ይዣለሁ። ይህን የሚያነብ ሰው ቢኖር አያምነኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። የጋሼ በላይ ትከሻ ትናንት አልቆ ዛሬ ክንዳቸው አልነሣ አለ። ሁሴን ያዘው፤ በጭንቀት አጥብቆ ይጫነዋል፣ ማሽኑም ይዘልበታል። ቀሙትና ወደ እኔ ዞሩ፤ በልብስ ስፌት መኪና ትሠሪያለሽ ወይ አሉኝ። ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። «እንግዲያው እጅሽ መግፋትና መምራትን ይለያል፣ ነይ» አሉኝ።

ትእዛዛቸው፦ አትጫኝ፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። አንድ ቦታ አትቁሚ። ጠርዝ ላይ ስትደርሺ አቅልይው፣ ቀለሙ እዚያ ስስ ነው። ቆቡ ላይ ሰማያዊ ቢመጣ አትደንግጪ፤ ላዩ ነው። ቀይ ሲመጣ ግን አቁሚ። ቀይ ከሥር ያለው ቀለም ነው፣ እሱ ከታየ የሚመልሰው የለም።

ሁለት በርና የኋላውን ጎን ጨረስኩ። ወገቤ የለም፤ አፌ ግን ማሽኑ እየጮኸ እንኳን አላረፈም። አያ ይማም ድንጋዩን መውቀር ትቶ ያየኛል። ከዚያ የፊት በሩ ጠርዝ ላይ ስደርስ ቆቡን አየሁት። ቀይ።

ማሽኑን አጠፋሁ። ሁሴን መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ባሌን በገዛ እጄ ደሴ የላክሁት መሰለኝ፤ የመጋዘን ጠባቂው ሚስት፣ የያዘችው የስንቅ አገልግል ሳይቀር፣ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። ጋሼ በላይ ቀስ ብለው መጡ፣ ቆቡን ወደ ፊታቸው አስጠጉ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አስነጠሱ።

በርበሬ ነው። ባለፈው የተፈጨ በርበሬ ብናኝ ከላያችን ካለው የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ጠርዝ በሞተሩ ንዝረት ይራገፋል። ሁሴን ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ራሱም አስነጠሰ። ከስምንት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ሳቁ ነው።

ቆቡን አጥበን አሰጣነው። ለዛሬ በቃ።


ዓርብ

ከጁምዓ በፊት ሌላውን ጨርሰን ኮፋኖዋ ብቻ ቀረን። ክቦቹ በሻካራው ጠፉ፣ በለስላሳው አበሩ። ያ ረዥሙ ጭረት ግን አልጠፋም። ጋሼ በላይ ጥፍራቸውን አሻገሩበት፤ ጥፍሩ ያዘ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ጥልቅ ነው አሉ፤ እሱን እናጥፋ ካልን ቀዩ ይወጣል።

ሁሴን ይሞከር አለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በስሱ። እኔም ይሞከር አልኩ፤ የመጣነውን ያህል መጥተን ለአንድ ጭረት? ጋሼ በላይ ግን ማሽኑን ሳጥኑ ውስጥ ከተው ዘጉበት።

«ተዉት። ቀጥ ያለ ነው።»

ቀጥ ያለ መሆኑ ምን ይረባል ብዬ ተናደድኩ። እሳቸው ነገ ከኛ ጋር ሊሆኑ አደሩ። እኔ ግን ያቺን ጭረት እያሰብኩ የማልረባ ሰው ሆኛለሁ። ወጡን አሳረርኩት። አዴ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ፤ ምኑን እንደሆነ ሳልነግራቸው።


ቅዳሜ

አለፈ። አለፈ፣ አለፈ። አሁን በቅደም ተከተል።

ሁሴን መኪናዋን መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆማት። እኔና ጋሼ በላይ ከአጥሩ ውጭ ቆመናል። ተቆጣጣሪው መነጽር ያደረገ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ነው የምፈራው። ወረቀቱን በእጁ ይዞ ዞራት። ጎኗ ላይ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ አየ፣ ልክ ጋሼ በላይ እንዳደረጉት። ያውቃል ማለት ነው። በሩ ውስጥ ኮሌታው ተጣሞ አየና አስተካከለ። ከዚያ ኮፋኖዋ ጋ ደረሰና ጣቱን ያቺ ጭረት ላይ አኖረ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደባት። ኃላፊው ትንፋሹን ይዟል። ሁሴን መሬት መሬት ያያል።

«ይቺ የግራር ናት» አለ ተቆጣጣሪው።

ወረቀቱንም ያው ግራር ይላል ብሎ ፈረመበት። ጭረቱ ጥቂት ነው፣ መኪናዋ በደንብ ተይዛለች ብሎ ጻፈ። ወደ ጋሼ በላይ ዞርኩ፤ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ለካ ያቺን ጭረት የተዉልን ለዚህ ነው።

ሁሴን መኪናዋን ይዞ ለምሳ መጣ። አዴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወጥተው ኮፋኖዋን በመዳፋቸው ዳሰሷት፣ ጭረቷን በጥፍራቸው አገኟት። ከዚያ ከቀሚሳቸው ቋጠሮ የብር አምባራቸውን አወጡና ላዩ ላይ አስተካክለው አስቀመጡት።

«የጫረቻት ይቺ ናት» አሉ። «ያን ዕለት ማታ ነው ያወቅሁት። ዓይኔ ቢደክም እጄ አልደከመም።»

ሁሴን «እማ» ብሎ እጃቸውን ያዘ። እኔ ነኝ ለምን ዝም አሉ ብዬ የጠየቅሁት።

«እናንተ ለእኔ ስትሉ ዝም አላችሁ። ዝምታችሁን ላፍርስባችሁ? አጎዛዬንም ለምን እንደቆረጥሽው አውቃለሁ። ከመሐሉ ያልኩሽ እኮ ለዚያ ነው።»

ሦስታችንም መኪናዋን ተደግፈን ቆምን። ኋላ ሁሴን «በእጃችሁ አትንኳት» አለ፤ ሳቅን።

እንግዲህ ነገ ሁሴን ሰንበቴ ገበያ ይወርዳል። ከደጋ የመጣ፣ ፀጉሩ ረዥም፣ ነጭ በግ ይገዛል። ሥጋው ለሰደቃ፣ አጎዛው ለአዴ። የማይቀሩ ሰዎች፦ ያጠቡት ሁለቱ ጎረቤቶች (ምንም እንዳይባሉ)፣ አያ ይማም፣ የመጋዘን ጠባቂው ሚስት፣ እሷማ ቀድማ። ጋሼ በላይ ክርስቲያን ናቸውና፣ ፆም ካልሆነ ዶሮ ራሳቸው ባርከው ይረዱ፣ ድስቱም ለብቻ ነው፤ ካልመጡ ኮምቦልቻ ድረስ ሄጄ ከነሳጥናቸው አመጣቸዋለሁ። አመዱን ከወዲሁ ከጓሮ ላርቀው።

ሐሙስ፣ ከዙሁር በኋላ፣ እኛ ደጅ። ማንም አይቅር።