ከበሩ ጀርባ ስለተሰቀለው ቁልፍ

እኔ ኦርቪል ድሬክስለር፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት፣ ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይዛባ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጁላይ 18 ቀን 2026 እኩለ ቀን ላይ፣ በአዮዋ በወንዙ ዳር ባለው ቤቴ ተኝቼ ይህን ተናዝዣለሁ። ጎረቤቴ ሎሬታ ሃስ ትጽፋለች፤ ጡረታ የወጣው የጨዋታ ዳኛ ሌስተር ፕሩይት ይሰማል። ሎሬታ፣ ያልኩትን እንዳልኩት ጻፊው፤ አታሳምሪው።

ቤቱ ለልጄ ለማርሊን ይሁን። ያስታመመችኝ እሷ ናት።

ለማርሊን ልጅ ለኮልተን የጭቃ ባልዲዬን ሰጥቻለሁ። በከተማችን የቤዝቦል ሜዳ አርባ አንድ ዓመት የኳስ ክፍል ጠባቂ ነበርኩ፤ አዲስ ኳስ ስለሚያሟልጭ ከጨዋታ በፊት እያንዳንዷን በወንዝ ጭቃ የማሻት እኔ ነበርኩ። ጭቃው የሚወጣበትን ቦታ ሌስተር ያሳየው። ኮልተን ዛሬ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ለከተማችን ቡድን ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ይሰለፋል።

ወደ ልጄ ወደ ራስል ልምጣ። ሌስተር "ተወው እሱን፣ ደም ግፊትህ ይነሳል" ይለኛል። አልተወውም።

ራስል ዘጠኝ ዓመት አልደወለልኝም ነበር። ካቻምና በበጋ ድንገት ደውሎ "አባዬ፣ ዛሬ ነፋሱ ወዴት ነው?" አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ በየጨዋታው ቀን ይደውል ጀመር። የትንበያ ገበያ በሚሉት ውርርድ ውስጥ ገብቶ፣ ዛሬ ስንት ሆም ረን ይመታል፣ ማለትም ስንት ኳስ ተመትቶ ከአጥር ማዶ ይሻገራል በሚለው ላይ እንደሚወራረድ የነገረችኝ ማርሊን ናት። ሰምቼም ዝም አልኩ፤ ድምፁ እንዳይቀርብኝ።

ኳስ እርጥበት ባለው ክፍል ካልተቀመጠች ትደርቃለች፤ የደረቀች ኳስ ስትመታ ትፈጥናለች፣ ሩቅም ትሄዳለች። አንድ ቀን ራስል "አንዱን የኳስ ሣጥን ማሞቂያው ጎን ብታስቀምጠውስ? ማን ያውቅብሃል?" አለኝ። አስቀመጥኩት። በጨዋታው አምስት ኳስ ተሻገረ። ስድስተኛዋ ግን ከመቺው ዱላ ቀጥ ብላ መጥታ ወርዋሪያችንን ዊልመርን ፊቱ ላይ አገኘችው። ግራ ዓይኑ ጠፋ። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሰው ሁሉ ዕድል ነው አለ፤ እኔም አብሬ ዕድል ነው አልኩ። ዊልመርን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከቤቱ በታች ያለው መሬቴ ለእሱ ይሁን።

የተረፈውን ደረቅ ሣጥን መጣል ነበረብኝ። ፈራሁ፣ ደግሞም ሰነፍኩ፤ ዛሬም ከማሞቂያው ጀርባ አለ። በጭቃ ታሽቷልና ከሌላው አይለይም፤ አንድ ሰው ገብቶ ወደ በሩ ቢያስጠጋው ማንም አያውቅበትም፤ የተካኝ ሰው በር አጠገብ ያገኘውን ሣጥን አንስቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የክፍሉ ቁልፍ ራስል እጅ እንዳይገባ። እዚሁ ቤቴ ከበሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሌስተር ለቡድኑ ይመልሰው፣ ሣጥኑንም ወንዝ ውስጥ ይክተተው።

ሌስተር ሊያመጣው ተነሥቷል።

"ኦርቪል፣ ምስማሩ ላይ ምንም የለም እኮ።"

"እስቲ ወለሉን እይ።"

"አየሁት። የለም።"

ጻፊ፣ ሎሬታ። ራስል ዛሬ ጠዋት መጥቶ ነበር። ግንባሬን ሳመኝ፤ ከልጅነቱ ወዲህ ስሞኝ አያውቅም። "ዛሬ ማነው የሚወረውረው?" አለኝ። "የእህትህ ልጅ ነዋ" አልኩት። "አውቃለሁ" አለ። እኔ ሞኙ ሊያየው የሚሄድ መስሎኝ "በርታ በልልኝ" አልኩት።

ሎሬታ ለኮልተን ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወርዋሪን በሚወረውርበት ቀን ማንም አያናግረውም፤ ልማዳችን ነው። ስልክህን ዝጋ ብዬ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ማርሊንም አታነሳም። ጨዋታው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

ሌስተር "ልማዱ ገደል ይግባ፣ ሜዳው መሃል ገብቼም ቢሆን አናግረዋለሁ" ብሎ ሳይፈርም ወጣ። ጉልበቱ ደህና አይደለም፤ እንደ ድሮው አይሮጥም።

ለራስል ምንም አልተውኩለትም። ሲደውል ደስ ይለኝ እንደነበር ግን ይጻፍ።

ተናዛዥ፦ ኦርቪል ድሬክስለር፤ በጣት አሻራ።

ጸሐፊና ምስክር፦ ሎሬታ ሃስ፤ ፈርሜያለሁ።

ምስክር፦ ሌስተር ፕሩይት፤ ቦታው ክፍት ነው። ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ የዱላው ድምፅ ከሜዳው በኩል በመስኮት ተሰማ፤ ወዲያው ሕዝቡ በሙሉ ጸጥ አለ። ኦርቪል "ከአጥር ማዶ ሄዳ ቢሆን ያጉረመርሙ ነበር፤ ዊልመር የተመታ ቀንም እንዲህ ነው ጸጥ ያሉት" ብሏል። ይህንንም እንዳለው ጽፌዋለሁ።