ጠፋች ብለው ላስፈለጉኝ ለመጦሪያ ቤቱ ዳይሬክተር

ለክቡር አቶ ፕሮኮፒስ ዳላካስ
የ«ወርቃማ መኸር» የአረጋውያን መጦሪያ ዳይሬክተር

ጉዳዩ፦ አለመጥፋቴን ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ በኩል እጅዎ ስትገባ እርስዎም፣ የተከበሩት ባለቤትዎም፣ በመጦሪያው ግቢ ያለችውን አንዲት ጥላ ለብቻው ይዞ የሚውለው አዲሱ መኪናዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ሰባን እንዲያልፉ፣ ሰማንያንም እንዲይዙ፣ መቼ እንደሚተኙና ቡናዎን እንዴት እንደሚጠጡ ሌላ ሰው ቆርጦ የሚነግርዎትን ያን የተባረከ ዘመን በዓይንዎ እንዲያዩት ዘወትር እጸልያለሁ።

ስለ እኔ ቢጠይቁ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው በገዛ ወጥ ቤቴ፣ ዊልቸሬን ከመስኮቱ አስጠግቼ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሰው ፍርድ በታይፕ ስመታ ስለኖርሁ፣ ሰውን በጨዋ ቃል እንዴት እንደሚቀብሩት ከዳኞች ተምሬአለሁ። በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ ጥፋቱ የእነርሱ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ እግሮቼ ደካሞች ናቸው፤ ቢሆንም በምርኩዝ እየተደገፍሁ ሠርቼ ኖሬአለሁ። ካረጀሁ በኋላ ወድቄ ዳሌዬ ሲሰበር፣ የእህቴ ልጅ «አጥንቱ እስኪገጥም ብቻ ነው፣ አክስቴ» ብሎ ወደ ክቡርነትዎ ቤት አስገባኝ። አጥንቱ ገጠመ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ፤ ፋሲካ አልፎ ሌላ ፋሲካ መጣ። ቤቴ ልሂድ ባልሁ ቁጥር እርስዎ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እማማ፣ እዚህ ምን ጎደለሽ? ደግሞስ ቤት ሄደሽ ማን ያነሳሻል?» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ጥፋትዎ መልስ እንዳለው እያወቁ መጠየቅዎ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ እንቅልፌ አመሰግናለሁ። ፀሐይ ባሕሩ ላይ ሳትጠልቅ እራት አብልተው፣ ዶሮዎች እንኳ ቆጥ ሳይወጡ ያስተኙን ነበር። ሠራተኞችዎም «አሁን እንተኛለን፣ አይደል?» እያሉ መብራቱን ያጠፉና እነርሱ ሳይተኙ ይሄዳሉ። ጣሪያውን እያየሁ ያሰብሁት ብዙ ነው፤ ይህ ደብዳቤም የተጠነሰሰው ያን ጊዜ ነው። በሕማማት ሳምንት ጾሜን ልጹም ስል ደግሞ የስጋ ድቡልቡል አቅርበው «ጾም ለእናንተ አይመለከትም፣ ቄሱ ፈቅደዋል» አሉን። ቄሱን ኋላ ብጠይቃቸው «እኔን ማን ጠይቆኝ ልጄ?» አሉኝ።

ሁለተኛው ስለ ዛምቤታ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዱን ለጥቂት ጊዜ አቆማለሁ።

ዛምቤታ በመጦሪያው አንድ መኝታ ክፍል የምንጋራ ጓደኛዬ ነበረች፤ የዳቦ ጋጋሪ ሚስት የነበረች፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ አእምሮዋ ግን ከእኔም ከእርስዎም የነቃ። ምኞቷ አንድ ነበር፦ በላይኛው ሰፈር ባለው ቤቷ፣ በራሷ አልጋ መተኛት። ጀርመን የሚኖረው ልጇ በበጋ ሊጠይቃት መጥቶ፣ ከክፍላችን ደጃፍ ኮሪደሩ ላይ እርስዎን አግኝቶ «እናቴን ቤቷ መልሼ፣ አብራት የምትኖር ረዳት ብቀጥርላትስ?» አለ። በሩ ክፍት ነበር። እርስዎም ሳቅ ብለው «ተው እንጂ ወንድሜ፤ ከማታውቃት ባዕድ ሴት ጋር ቤት ልትዘጋባት? ሳምንት አትቆይም» አሉት። ልጇም እሺ ብሎ ሄደ። ዛምቤታ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለ? ጆሮዬ አልሰማልኝም» አለችኝ። ጆሮዋ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቷ አንድም ቀን አላነሳችም፤ በክረምቱ ብርድ እዚያው ሞተች። እርስዎም ትልቅ የአበባ ጉንጉን ይዘው ቀብሯ ላይ ቆመው «በቤቷ እንዳለች ሆና ኖራለች» ብለው ተናገሩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ክቡር ሆይ፣ እጠላዎታለሁ፤ ይህንንም ከሙሉ አክብሮት ጋር ነው የምገልጽልዎ።

ከቀብሩ በተመለስሁ ማግስት ቦርሳዬን አሰናዳሁ። እርስዎ በር ላይ ቆመው «ኃላፊነቱን ማን ሊወስድ ነው?» ሲሉ፣ ፍርድ ቤት በራሴ ጉዳይ የመወሰን ችሎታዬን እስካልነሳኝ ድረስ ኃላፊነቱ የራሴ እንደሆነ በአክብሮት ገለጽሁልዎ፤ ሕጉን በታይፕ የመታሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም። ታክሲውም መጣ።

አሁን ስለዚያች «ባዕድ ሴት» ልንገርዎ፤ ሊያውቋት ይገባልና። እኔ የቀጠርኋት ረዳት ላማራ ትባላለች፤ ጆርጂያዊት ናት፣ ከኩታይሲ ከተማ። ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ቁልፍ፣ የራሷም የዕረፍት ቀን አላት፤ እሑድ ወደ ካቫላ ከተማ ወርዳ ከአገሯ ልጆች ጋር ስትውል ጎረቤቴ ትተካታለች። በመጀመሪያው ጧት ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ «እትዬ ፖሊክሴኒ፣ በስንት ሰዓት መነሳት ይወዳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ የምወደውን ሰዓት ረስቼው ነበር፤ አለቀስሁ። እርሷም ጠበቀችኝና «እንግዲያው ዛሬ ይተኙ፣ ነገ ይነግሩኛል» አለች።

እርስዎ እንደሚያስቡት እኔን አቅፋ የምትውል ሞግዚት አይደለችም። እጄ የሚችለውን እጄ ይሠራል፤ እግሬ ያቃተውን ብቻ እርሷ ትሞላለች። ሽንኩርቱን የምከትፈው እኔ ነኝ፤ ከባዱን ድስት የምታወርደው እርሷ ናት። በገላ መታጠቢያው መያዣ እንዲተከል ያደረገችው ራሴ ይዤ እንድሻገር ነው፤ አናጢው «አንቺ ካለሽላት ለምን አስፈለገ?» ሲላት «እኔ ስተኛስ?» አለችው። አዎን፣ እንጣላለንም። ነጩን ባቄላ በዘይትና በቲማቲም ቀቅዬ ስጨርስ ዞር ስል ጠብቃ የድንብላል ቅጠል ትበትንበታለች። «ላማራ፣ ይሄ እኮ ሳር ነው፤ ፍየል አድርገሽኝ ነው?» ስላት «ፍየል ጤነኛ ናት፣ እትዬ» ትለኛለች። በእርስዎ ቤት ከማንም ጋር ስለ ወጥ ተጣልቼ አላውቅም፤ ወጡ የእኔ አልነበረምና።

ሦስተኛው፣ ወይም አራተኛው፣ ቁጥሩ ጠፋኝ፣ ዝነኛ ስላደረጉኝ ነው።

ባዶ አልጋ እንቅልፍ ይነሳል መሰል፣ ክቡርነትዎ ለማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አቤቱታ ጻፉ፦ ፖሊክሴኒ ሳራንቲ በባዕድ እጅ ወድቃ በአደጋ ላይ ናትና ወደ መጦሪያው ትመለስ፣ ሞግዚትም ይሾምላት። ቢሮውም ሰዎች መደበ፤ እርስዎም አብረው፣ ሳይነግሩኝ፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ ቤቴን አንኳኩ። ማንም አልከፈተም። አሁን፣ ውድ አንባቢ፣ አንድ ሰው ቤቱ ባይገኝ ምን ይባላል? ወጥቷል ይባላል። የኛ ዳይሬክተር ግን በዊልቸር ያለች አሮጊት ልትወጣ ትችላለች ብሎ ማሰብ ከቶ አልሆነላቸውም። «ጠፍታለች፤ ያቺ ባዕድ ወስዳታለች» አሉ። የጠፉ አረጋውያን የሚፈለጉበት ማስታወቂያም ወዲያው በቴሌቪዥን እንዲነገር አስደረጉ።

እኔ በዚያ ሰዓት ወደቡ ዳር ካፌ ውስጥ ካርታ እጫወት ነበር። ላማራ እዚያ አድርሳኝ ዓሣ ልትገዛ ወደ ጀልባዎቹ ወርዳለች። ከእኔ ጋር የጉምሩክ ጡረተኛው ሚናስና የካፌው ባለቤት ክሪቶን አሉ። ከግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድንገት የኔን ፎቶ አወጣ፤ በእርስዎ ፋይል ውስጥ የነበረችውን፣ ፀጉሬ ሳይበጠር የተነሳሁትን። «አእምሮዋ የሚዘነጋ፣ ያለ ሰው እርዳታ የማትንቀሳቀስ፣ ሕይወቷ አደጋ ላይ ያለ» አለ። ሚናስ ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በፊቴ የተደረደረውን ያሸነፍሁትን ካርታ አየና «አእምሮሽ የሚዘነጋ ከሆነ እኔን ምን ሊሉኝ ነው?» አለ። ክሪቶንም «ፎቶው ግን አላማረም፣ ሴትዮ» አለኝ።

እኔን የሚፈልጉት ፖሊሶች መጡ፤ ከኋላቸው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዋ ሴትዮ፣ ከእርሷም ኋላ እርስዎ፣ በላብ ተጠምቀው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? «እማማ፣ ስንቱን ሰው አስጨነቅሽ! ማንን አስፈቅደሽ ነው የወጣሽው?» ነው ያሉት።

ካፌው ውስጥ ጎልማሳም ሽማግሌም ነበር፤ ሁሉም ሰማ። ይህን ቃል ስለተናገሩ ዕድሜ ልኬን ባለውለታዎ ነኝ፤ እኔ ሺህ ገጽ ብጽፍ በመጦሪያዎ የኖርነውን ኑሮ እንደዚያ አሳጥሬ ላስረዳ አልችልም ነበርና። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ሚናስ «ዳይሬክተር፣ ዞር በል፤ ተራዋ ነው» አለዎት። ላማራም ዓሣዋን በከረጢት እንደያዘች ገባች፤ የቢሮው ሴትዮ «አንቺ ነሽ ተንከባካቢዋ? እንዴት ብቻዋን ትተሻት ትሄጃለሽ?» ብትላት «ብቻዬን ተይኝ ብለውኝ ነዋ» አለች። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔኑ ጠየቀችኝ፤ ምን እንደምፈልግ። ይህን ዙር መጨረስ እፈልጋለሁ አልኋት። ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ቤቴን አይታ፣ ወጤንም ቀምሳ፣ ድንብላሉን ወደደችው እንጂ ሌላ ጉድለት አላገኘችም። አቤቱታዎ ተዘግቷል፤ ደብዳቤው ደርሶዎት ይሆናል።

ይሁንና ማስታወቂያው በሌላም ቦታ ታይቷል። በመጦሪያዎ ሳሎን ቴሌቪዥን ከቁርስ እስከ እራት አይጠፋም። ነዋሪዎችዎ ጠፋች ሲባል ሰምተው ካዘኑልኝ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ካፌ ውስጥ ካርታ ስትጫወት ተገኘች ሲባልም ሰምተዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። «እስቲ ንገሪኝ፣ እንዲህ ያለች ሴት የት ይገኛል?» «ልጄን ምን ብዬ ላሳምነው?» «የኔ አልጋ እኮ ሰፊ ነው፣ ቤቴም ደረጃ የለው።» ለሁሉም በትዕግሥት መልሻለሁ። ለአንዳንዱ መጦሪያው ይሻለዋል፣ ወዶ የገባም አለ፤ ያንንም አልደበቅሁም። የምናገረው ሳይጠየቁ ስለቀሩት ነው። ይህን ሁሉ ደንበኛ ያመጣልኝ የእርስዎ ማስታወቂያ ነው፤ ዕድሜ ለእርስዎ።

ይቅርታ እንዳደርግልዎ የሚመክሩኝ አሉ። ለራሴ ለደረሰብኝ ይቅር ልል እችል ይሆናል፤ ቡናውንም፣ እንቅልፉንም፣ ያልተበጠረውን ፎቶም። የዛምቤታን ግን ይቅር የምለው እኔ አይደለሁም፤ ይቅር የምትለው ሰው ሞታለች።

ለሥራዎ ያለዎትን የማይነጥፍ ትጋት እያደነቅሁ፣ ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ ለእርስዎም ረጅም፣ እጅግ በጣም ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ፖሊክሴኒ ሳራንቲ
ያለ ማንም ፈቃድ ከቤቷ የምትወጣው

ማስታወሻ፦ መጦሪያውን የሚያስተዳድረው የበጎ አድራጎት ማኅበር፣ እንደ ልማድዎ ባልተገኙበት ባለፈው ጉባኤ፣ ለጎደለው የቦርድ አባል ቦታ እኔን መርጧል። ቦርዱ የሚሰበሰበው በመጦሪያው ላይኛው ፎቅ መሆኑንና ሊፍት እንደሌለው ክቡርነትዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ስለዚህ ለሐሙሱ ስብሰባ ወይ እርስዎና የሒሳብ ሹሙ ተሸክማችሁ ታወጡኛላችሁ፤ የላማራ ምግብ ስለተስማማኝ ክብደት ጨምሬአለሁ። ወይም ስብሰባው ወደ ምግብ አዳራሹ ይወርድና ነዋሪዎቹ ምሳቸውን እየበሉ ይሰሙናል። ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የያዝሁት አጀንዳ አንድ ብቻ ነው፦ ወደ ቤቱ መመለስ የሚፈልግ እጁን ያውጣ። እርስዎ ይቆጥሩልናል።