ወጣት መምከር ያስከፍላል

አባዬን ለእኔ ጥላ ላመለጠችው፣ ግን ለምትናፍቀኝ እትዬ፣

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እናዘዛለሁ፦ ሰሞኑን የጫማዬን ክር የማላስረው ሆን ብዬ ነው።

ከኃጢአቴ በፊት ግን ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ አሁንም ያንኮራፋል? መንታዎቹ ጥርስ አወጡ? እኛ ደህና ነን። የአባዬ ድምፅማ ከሁላችንም ይበልጥ ደህና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንግድ ሥራ ክፍላችን ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያን መጦሪያ እየሄደ በበጎ ፈቃድ ያገለግላል። ለእኔ የደረሱኝ ልብስ ሰፊ የነበሩ እማማ ናቸው። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ከክፍላቸው ወጥተው አያውቁም። "በር ላይ ተቀምጬ የአላፊ አግዳሚውን ስፌት እየተቸሁ ብውል ሌላ አልፈልግም" ይላሉ። ተሽከርካሪ ወንበር እንግዛላቸው ብለን ተነሳን። ባለሱቁ እስከ ዛሬ አስር ሰዓት ብቻ ነው የሚጠብቀን፤ ሌላ ገዢ አለው።

ኬክ ሸጥን፣ መኪና አጠብን፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። የገበያ ጥናት አስተማሪያችን "ሰው ምን ቢሆን የማይተወውን ነገር ፈልጉ" አሉን። ምን መፈለግ ያስፈልገዋል? መምከር የማይተወው አባዬ እቤት ሳሎን ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል! ጣሳ አነሳሁና "ወጣት መምከር ያስከፍላል" የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት።

እትዬ፣ ብታዪ! አስተማሪያችን ራሳቸው "ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን..." ከማለታቸው ጣሳውን አስጠጋሁላቸው። ሹፌሩ አጎታችን ስለ ጎማ አያያዝ ሊመክረኝ ሁለቴ ከፈለ፤ እኔ ብስክሌት እንኳን የለኝም! አባዬማ "በእኛ ጊዜ" ብሎ ይጀምርና ኪሱን ይዳብሳል። የጫማዬን ክር ፈትቼ ፊቱ አልፋለሁ። "ተጠልፈሽ ትወድቂያለሽ!" ሳንቲሙ ጣሳው ውስጥ ቅጭል! መጥረጊያውን ገልብጬ እይዛለሁ፤ ቅጭል!

ከሐሙስ ጀምሮ ግን ሳንቲሙ አሳስቦት መምከሩን ተወ። ዛሬ ሹራቤን ገልብጬ ለብሼ ብመጣ እንኳን ጉሮሮውን ጠራርጎ ምክሩን ዋጠው። የቀረን ትንሽ ነው፤ ሰዓቱ ግን ስምንት አልፏል። እማማ ከጠዋት ጀምሮ ጸጉራቸውን አበጥረው ይጠብቃሉ አሉ።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ንከሺልኝ። አማትሽ ምክር ካላቸው ከነክፍያው በፖስታ ይላኩልኝ።

ውይ! አባዬ ለካ ከጀርባዬ ቆሞ ሲያነብ ኖሯል! "አንቺ ጩሉሌ!" አለ። "ሆን ብለሽ?" ጋዜጣውን አጥፎ፣ ወንበር ስቦ፣ የኪስ ቦርሳውን አወጣ። ምክሩ ረጅም ሳይሆን አይቀርም፤ የያዘው የወረቀት ገንዘብ ነው።

ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ፣
ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል