ጋቢ የለበሰው ድንች

ሰኞ

ዛሬ ደግሞ ድንች እንደሚያንኮራፋ ነገርኳቸው። ልጆቹ በሙሉ ጆሯቸውን መሬት ላይ ለጥፈው ተኙ። «ዝም በሉ፣ ትቀሰቅሱታላችሁ» አልኩ። የልጅ ልጄ መክሊት ዓይኗን ጨፍና ቆየችና «ሰማሁት» አለች። እኔ ምን ልበል? ፀሐይዋ ደስ ትላለች፤ አጠገባቸው ጋደም አልኩ። ያንኮራፋሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

የአትክልት ክበባችን ጡረተኞች ብቻ ነን። የትምህርት ቤቱን ጓሮ ለልጆቹ ማስተማሪያ ካደረግነው ይኸው ሁለተኛ ዓመታችን። አምና ድንቹን ውርጭ አቃጠለው። ዳይሬክተሩ ዛሬ በትሕትና ነገረን፤ ዘንድሮም ከተቃጠለ ቦታው የመምህራን ሞተር ማቆሚያ ይሆናል። ልጆቹ አልሰሙም። መክሊት ግን ሰምታለች መሰለኝ፣ ራት ላይ ውርጭ መቼ እንደሚወርድ ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ

ሰብሳቢያችን ወይዘሮ አሰለፈች ሥራ አከፋፈሉ። ገለባ ማምጣት። ማታ ማታ የድንቹን መደብ በገለባው ማልበስ፣ ጠዋት መግለጥ። ጋሽ ተክሌ ልጆቹን አለማሳሳቅ። የመጨረሻው ከባድ ነው አልኳቸው። «ለዚህ እኮ ነው ለእርስዎ የሰጠሁት» አሉኝ።

ገለባው ከሰዓት በጋሪ መጣ። ልጆቹ ላዩ ላይ ተንከባለሉ። ፀጉራቸው ወርቅ ሆኖ ወደ ክፍል ሲገቡ ሳይ፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ለራሴም አልገባኝም።

ረቡዕ

ገለባው የለም። የዘበኛው ላሞች በልተውታል። እንዲያውም ራሱ ነው አሉ ያቀረበላቸው። «ለከብት የመጣ መስሎኝ» ይላል። ምን ይፈረድበታል፣ ለድንች የሚመጣ ገለባ የት አይቶ ያውቃል።

ሌላ ገለባ ከጫጫ ገበያ እስኪመጣ ቅዳሜ ይሆናል። ሰማዩ ግን ጠርቷል፣ ነፋስም የለም። ውርጭ ሊወርድ ነው። ልጆቹ ከበቡኝ። «አባባ፣ ምን ይሻላል?» መቼም አፌ አያርፍም፤ «ጋቢ አልብሷቸዋ። ድንችም እንደ ሰው ይበርደዋል» አልኩ። ሳቁ። መክሊት አልሳቀችም።

ሐሙስ

ሌሊት ደመና ገብቶ ውርጩ ማረን። ጋቢዬ ግን ጠፋ። አልጋ ሥር፣ ገመድ ላይ፣ ሳጥን ውስጥ ፈለግሁ። ውሻችንን ጠርጥሬ ብዙ ተናገርኳት። አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን ዘነበች ሳታንኳኳ ገባች።

«ጋሽ ተክሌ፣ ልጄን ምን ብለው ነው ያሳበዱት? የአባቱን ጋቢ ይዞ ወጣ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። አብረን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ጀምበር ልትጠልቅ ነው፣ ሰማዩ የበሰለ ኮክ መስሏል። ጓሮው ውስጥ ነጫጭ ሰዎች ጎን ለጎን የተኙ መሰለኝ። መደቡ ጋቢ ለብሷል። ቅጠሉ እንዳይሰበር ብለው ከሥር እንጨት አቁመዋል፤ ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም። መክሊት በሹክሹክታ «አባባ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ያልከው?» አለችኝ።

ዘነበች የባሏን ጋቢ ልትገፍፍ እጇን ዘረጋች። ልጇ ፊት ለፊቷ ቆሞ ያያታል። እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጋቢውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፍ አጠፍ አደረገችው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። «ጭቃ ከነካው የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት፤ እነግርዎታለሁ» አለችኝ።

ካፖርቴን ደርቤ ልተኛ ነው። ብርዱ ከአሁኑ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

ዓርብ

ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ፤ ስንረግጠው ይሰባበራል። ዳይሬክተሩ ቀድሞናል። አንዱን ጋቢ በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገ። አረንጓዴ። ቀጣዩን ገለጠ። አረንጓዴ። ጋቢ ያልደረሰው የዳሩ መስመር ግን ፀሐይ ስታገኘው ጥቁር አለ።

«ውርጩ ዛሬም ይወርዳል?» አለኝ።

«ሰማዩን ይዩት እንግዲህ።»

«ጋቢዎቹስ?»

በአገጬ ወደ በሩ አመለከትኩት። እናቶች ጋቢያቸውን ሊወስዱ ቆመዋል፤ ዘነበች ከፊት ናት። ዳይሬክተሩ አይቷቸው ወደ ቢሮው ገባ። አበቃልን አልኩ በሆዴ። ሲመለስ የቢሮውን መጋረጃ ትከሻው ላይ ጥሏል።

«ይሄ ስንት መደብ ያለብሳል?» ብሎ መክሊትን ጠየቃት።

«አንድ ተኩል» አለች ሳታመነታ።

ስለ ሞተር ማቆሚያው ማንም አላነሳም። ወይዘሮ አሰለፈች ከሰዓት በየቤቱ ዞረው መጋረጃ ሰበሰቡ፤ የእኔንም ሰጠሁ። አሁን በባዶው መስኮት የመጀመሪያዋን ኮከብ አያለሁ። በጣም ታምራለች። አንድም ደመና የለም።