ቀይዋ መኪና ያለችበት ፎቶ

ልጄ መርዕድ፣ የሄድክበት ደጅ ሁሉ ይከፈትልህ፤ የማርያም ልጅ አይለይህ። ደህና ነን፤ የአባትህ ወገብ ብቻ አልሻለውም።

ከአትላንታ የላክኸውን፣ ቀይዋን መኪና ተደግፈህ የተነሣኸውን ፎቶ ጎረቤት ሁሉ አይቶ እልል አለ። አባትህ ግን ሠላሳ ዓመት ጋራዥ የሠራ ሰው ነውና፣ «ሰው ጓሮው ውስጥ የገጣጠማት ናት፤ ላይዋ አዲስ፣ ከሥር የሚሸከማት ሻንሲዋ አሮጌ። ልጃችን አንዱን ሲያስጠግን ሌላው ይሰበርበታል» አለ። እንዳለውም ሆነ። አንዴ ፍሬን፣ አንዴ ማርሽ እያልክ፣ «እሷን ላሠራና ትምህርቴን እቀጥላለሁ» ካልክ ሦስት ፋሲካ አለፈ። እኛን ደስ ይበላቸው ብለህ እንደገዛሃት አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ልሽጣት ብትል የሚገዛትም ጠፋ። አባትህ መኪናዋ ከእንግዲህ አትድንም ይላል፤ እኔም ምክር አልቆብኛል።

ጌታ ያውጣህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ የሚቀጥለውን ፎቶ ለብቻህ ተነሣ። ሰው ሁሉ መኪናዋን ሲያይ፣ እኔ ኮሌታህ አንገትህ ላይ እንደሰፋ ነው ያየሁት።

እናትህ ብዙነሽ