የአባባ ጉድጓድ ውሃ

ይድረስ ለወንድሜ ለሚፍታ ሁሴኖ፣ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? ሙቢና ደህና ናት? ልጆቹ የአገራቸውን ቋንቋ ረስተዋል ይባላል፣ እውነት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። እንዴት አደርሽ የሚለኝ ባይኖርም አድራለሁ። በስልክ ልንገርህ ብል አፌ ይቀድመኛል፤ ስለዚህ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ በቆጠርኩት ፊደል ጻፍኩልህ። ቀስ ብለህ አንብበው፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው አረፋ የታሸገ ውሃ ይዘህ መጥተህ የአባባን ጉድጓድ ውሃ አልጠጣም ስትል፣ ሳዑዲ አንጀትህን አከበረው ወይ ብዬ በሰው ፊት አዋረድኩህ። ሻንጣህን አንስተህ ወጣህ፤ እኔም እስከ በሩ አልሸኘሁህም። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም።

ጎረቤቱም እንዳንተው ነው። አባባ ጉድጓዱን አስቆፍሮ ለሰደቃ ሲሰጥ በራችን ቀኑን ሙሉ አይዘጋም ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ በአጥሬ ጥግ እያለፈ ወደ ቦኖ ይወርዳል። የአባባን ውሃ ጠጥተው አድገው፣ እኔ ሳረጅ ፊታቸውን አዞሩብኝ ብዬ ስረግማቸው ኖርኩ። የጎረቤቴን የፈይሩዛን ልጅ ሰርግ እንኳ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት ከአሰላ ቢሊሱማ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት መጣች። በየመንደሩ ውሃ ውስጥ ያለውን ጨው ትለካለች። ከጉድጓዳችን በትንሽ ብርጭቆ ቀድታ አንድ ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ብርሃን በውሃው ውስጥ እያለፈ ነው አለችኝ። ምንም ስላላየሁ መብራት ጠፍቶብሻል ብላት ሳቀች። ከቀዩ ብርሃን ወዲያ ያለ፣ የሰው ዓይን የማያየው ብርሃን ነው አለችኝ። እሱም ቢሆን ጨውን ራሱን አያየውም፤ ጨው የገባበት ውሃ ግን ብርሃኑን የሚውጥበት መንገድ ይለወጣል፣ በዚያ ይታወቃል። ቀጥላ የቦኖውን ውሃ አስገባችና ሁለቱን በኮምፒውተር አሳየችኝ። መስመሮቹ ተለያይተዋል። ውሃችን ጨው ሆኗል፣ ሚፍታ።

የአባባ ሰደቃ በእጄ ተበላሸ ብዬ አለቀስኩ። ጥፋቱ የመሬቱ ነው ብላ አጽናናችኝ። እኔማ ጣፋጭ ነው ብዬ ስምል፣ ምላሴ ጥቂት በጥቂት ለምዶት ኖሯል።

ፈይሩዛን ጠርቼ ታውቂ ነበር ወይ ብላት አንገቷን ደፋች። የሟች ሰደቃ ከፋ ተብሎ እንዴት ይነገራል አዴ ሰኪና፣ ያውም ለእርስዎ አለችኝ። ያውም ለእርስዎ ያለችውን ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስለው አደርኩ። ለካ የሸሹት ውሃውን ነው፤ ዝም ያሉት ግን እኔን ፈርተው ነው።

ከሁሉ ፊት ለፊት አልጠጣም ያልከኝ አንተ ብቻ ነበርክ። አጥፍቻለሁ። ይህቺን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት፣ እንዳትስቅብኝ። ጉድጓዱን ከድኜዋለሁ። ለመጪው አረፋ ና፤ ውሃ ግን አትግዛ። ጉልበቴ እስከ ቦኖ ያደርሰኛል፣ እኔው ቀድቼ እጠብቅሃለሁ።

ለሙቢና ሰላም በልልኝ። ጅብሪልንና ነቢላን ሳምልኝ፤ አክስት እንዳላቸው ንገራቸው። ፈይሩዛም ሰላም ብላሃለች። ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት አንድ ጀሪካን የቦኖ ውሃ ተቀምጦ አገኘሁ። እሷ ናት። አላንኳኳችም።

እህትህ ሰኪና ሁሴኖ
አርቦዬ፣ አርሲ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.