ከመልስሽ ሳይሆን ከወሩ መባቻ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? እንቅልፍሽስ ተመለሰልሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር አንዳች አልጎደለኝም። ይህን ደብዳቤ ማንንም ሳልለምን በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ፊደሉ ቢንጋደድም ያጋደድኩት እኔው ነኝ! እህቴ ስታነብልሽ ጉራዬን እንዳትዘል ጠብቂያት።

እማዬ፣ «ደብዳቤህ እየራቀ ሄደ፤ ከልብህ ወጣሁ ወይ?» ያልሽው ውስጤን በላው። መልሱን ከሥራ ቦታዬ ልጀምርልሽ።

እዚህ ጫጩት ማስፈልፈያ ውስጥ እንቁላሎቹን በየሰዓቱ የሚያገላብጥ ማሽን አለ። የሚታዘዘው አንዲት ባለመነጽር ልጅ በጻፈችለት ፕሮግራም ነው። እኔ ለማታ ትምህርቴ ቁጥር ለመለማመድ ብዬ ማሽኑ የተነሣበትን ጊዜ በደብተሬ እመዘግባለሁ፤ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ከሦስት፣ ሦስት ሰዓት ከስድስት እያለ ይሄዳል። ብነግራት «ጋሼ፣ ይልቅ ሰዓትዎን ያሠሩ» አለችኝ። አለቃችንማ «የማታ ትምህርት ሊቃችን መጡ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ደብተሬን ዘረጋሁላቸው። ልጅቷ የጻፈችውን ፕሮግራም ከፍታ መረመረችው። ለካ ማሽኑ ሦስት ደቂቃ ያገላብጥና አንድ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው! ሦስት ሦስት ደቂቃው ተጠራቅሞ በቀን አንድ ዙር ይበላል። አሁን ያገላበጠበትን ጊዜ ቀንሶ የቀረውን ብቻ እንዲጠብቅ፣ ሁልጊዜም በድፍን ሰዓት እንዲነሣ አድርጋ አስተካከለችው። ከዚያ ወዲህ «ጋሼ» ስትለኝ ድምፅዋ ሌላ ነው፤ እኔም መነጽር ልገዛ አስቤያለሁ።

ጉራዬ ግን ከትናንት በስቲያ ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ ነበር። የድሮዎቹን አውጥቼ ቀናቸውን አየሁ። እኔም እንደ ማሽኑ ነኝ፤ መልስሽን እጠብቅና ከደረሰኝ ቀን ጀምሬ ወር እቆጥራለሁ። ፖስታው የዘገየበት፣ እህቴ እስኪመቻት የጠበቅሽበት ሁሉ በላዩ ይጨመራል። የእኔ ወር ሃምሳ ቀን ሆነ፤ ዓምና አሥራ ሁለት ደብዳቤ ሊደርስሽ ሲገባ ሰባት ብቻ ደረሰሽ። ማሽኑስ የታዘዘውን ነው የሠራው። እኔ ግን «ተራው የእሷ ነው» እያልኩ ከእናቴ ጋር ተራ ስቆጥር ኖርኩ። ይቅር በይኝ።

ከእንግዲህ መልስ መጣም አልመጣም በየወሩ መባቻ እጽፋለሁ። የምጽፈው ባጣ «ደህና ነኝ» ብቻ ብዬ እልካለሁ። አንቺ ሲመችሽ መልሺ፤ ካመመሽ ደግሞ ተዪው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለእህቴ፣ ላንባቢሽ፣ ጉንጯን። ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱ፣ ገና ያላየኋትን ልጃቸውንም ግንባሯን።

በድሮው አቆጣጠሬ ይህን ለመጻፍ ገና ሃያ ስምንት ቀን ይቀረኝ ነበር።

ልጅሽ
ከማስፈልፈያው ጓሮ፣ ከአራተኛዋ ክፍል
መጋቢት 1 ቀን